ተሸንፎም ትክክል የሆነ ውሳኔ፦ የብላክጃክ መሠረታዊ ስልት ምን ያስተምረናል?

በላስ ቬጋስ ካዚኖዎች በየሌሊቱ የሚደጋገም ትዕይንት ነው። ተጫዋቹ 10 ዶላር መድቧል። የደረሱት ሁለት ካርታዎች 10 እና 6 ናቸው፤ ድምሩ 16። ከፊት ለፊቱ የቆመችው አከፋፋይ ከሁለቱ ካርታዎቿ አንዱን ደፍታ ሌላውን ገልጣለች። የተገለጠው ንጉሥ ነው፤ ዋጋው 10። የተደፋው አስ አለመሆኑን ቀድማ አረጋግጣለች፤ አሁን ተራው የተጫዋቹ ነው። ካርታ ልጨምር ቢል ከ13ቱ የካርታ ዓይነቶች 8ቱ ከ21 አሳልፈው ያቃጥሉታል። በቃኝ ብሎ በ16 ቢቆም ደግሞ ሊያሸንፍ የሚችለው አከፋፋይዋ ራሷ ከተቃጠለች ብቻ ነው፤ 10 የገለጠች አከፋፋይ የምትቃጠለው ግን ከ100 ጊዜ 23 ጊዜ ገደማ ነው። ተጫዋቹ ጥቂት አመነታና ጠረጴዛውን በጣቱ ነካ አደረገ፤ «ጨምሪልኝ» ማለቱ ነው። የመጣው 9 ነው። 25 ሆነ፤ ተቃጠለ፤ ገንዘቡ ተሰበሰበ። አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ራሱን እየነቀነቀ «ምን አስጨመረህ? ዝም ብትል ይሻልህ ነበር» አለው።

የጎረቤቱ ወቀሳ ለጆሮ እውነት ይመስላል፤ በስሌት ሲመረመር ግን አይቆምም። በ16 ቆሞ 100 ጊዜ የሚጫወት ሰው 23 ጊዜ ያህል ያሸንፋል፣ 77 ጊዜ ይሸነፋል፤ በእያንዳንዱ ዙር 1 ዶላር ቢመድብ መጨረሻ ላይ 54 ዶላር ገደማ ጎድሎበት ይነሣል። ካርታ የሚጨምር ሰውም የሚያጣው ወደ 54 ዶላር ነው፤ ነገር ግን በጥቂት ሳንቲም ያነሰ ነው። ቤቱ፣ ማለትም ካዚኖው፣ የሚፈቅድ ከሆነ ደግሞ ግማሹን መደብ ለቆ ግማሹን ይዞ መውጣት ይቻላል፤ ያኔ ኪሳራው 50 ዶላር ብቻ ይሆናል። ሦስቱም መንገዶች ወደ ኪሳራ ይወስዳሉ፤ የሚለያዩት በመጠን ነው። ስለዚህ መውጣት በማይፈቀድበት ጠረጴዛ ላይ የጨመረው ሰው 9 መጥቶበት ቢቃጠልም ውሳኔው ትክክል ነበር። የብላክጃክ መሠረታዊ ስልት የሚባለው፣ ለእያንዳንዱ ሁኔታ ከሁሉ የተሻለውን ውሳኔ የሚያሳየው ነገር፣ በሙሉ በዚህ አስተሳሰብ ላይ የቆመ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚከራከረውም ስልቱን መማር ዋጋ የሚኖረው ገንዘብ ስለሚያስገኝ አይደለም በሚል ነው፤ አያስገኝምና። ዋጋው ውሳኔን ከውጤቱ ለይቶ መመዘንን፣ የጨዋታንም እውነተኛ ዋጋ ቀድሞ ማስላትን ማስተማሩ ነው።

ቤቱ ከየት ያተርፋል?

ሕጉ ቀላል ነው። ቁጥር ያላቸው ካርታዎች በቁጥራቸው ይቆጠራሉ፤ ጃክ፣ ንግሥትና ንጉሥ እያንዳንዳቸው 10 ናቸው፤ አስ እንደ አስፈላጊነቱ 1 ወይም 11 ይሆናል። ከ21 ሳያልፍ ከአከፋፋዩ የበለጠ ድምር የያዘ ያሸንፋል። ገና በመጀመሪያዎቹ ሁለት ካርታዎች አስና ባለ 10 የደረሰው ሰው ብላክጃክ ያዘ ይባላል፤ በደንበኛው ሕግ ለ10 ዶላር 15 ዶላር ይከፈለዋል። አከፋፋዩ ግን ምርጫ የለውም። በዚሁ ደንበኛ ሕግ እስከ 16 ድረስ መጨመር፣ 17 ሲደርስ መቆም ግዴታው ነው። ታዲያ ሁለቱም ከአንድ የካርታ ክምር እየተሰጣቸው፣ ተጫዋቹ እንዳሻው መወሰን እየቻለ፣ አከፋፋዩ ደግሞ እጁ ታስሮ፣ ካዚኖው በምን ያሸንፋል? መልሱ በቅደም ተከተሉ ውስጥ ነው። ተጫዋቹ ቀድሞ ይጫወታል፤ ከተቃጠለም ገንዘቡ ወዲያው ይሰበሰባል። አከፋፋዩ ከዚያ በኋላ ቢቃጠል እንኳ የተሰበሰበው አይመለስም።

ይህ ምን ያህል እንደሚያስከፍል በቀላል ሒሳብ ማየት ይቻላል። አከፋፋዩ በታሰረበት ሕግ ሲጫወት ከ100 ዙር 28 ጊዜ ገደማ ይቃጠላል። ተጫዋቹም «እሱ የሚያደርገውን ላድርግ» ብሎ እስከ 17 ቢጨምር በተመሳሳይ መጠን ይቃጠላል። ሁለቱም በአንድ ዙር ላይ የሚቃጠሉበት አጋጣሚ የ28 በመቶው 28 በመቶ፣ ማለትም ወደ 8 በመቶ ነው። በእነዚህ ዙሮች ሁሉ የሚያሸንፈው ቤቱ ነው። ብላክጃክ ሲመጣ የሚከፈለው ተጨማሪ ግማሽ መደብ 2.3 በመቶ ያህሉን ለተጫዋቹ ይመልሳል፤ የተረፈው 5.5 በመቶ ገደማ የቤቱ ጥቅም ሆኖ ይቀራል። በተቃራኒው «ከቶ አልቃጠልም» ብሎ 12 በደረሰ ቁጥር የሚቆም ጠንቃቃ ሰውም ወደ 4 በመቶ ይከስራል። አከፋፋዩን መኮረጅ ብልህነት ይመስላል፣ አለመቃጠልም ጥንቃቄ ይመስላል፤ ሁለቱም ግን ውድ ስህተቶች ናቸው። የመሠረታዊ ስልት ታሪክ የሚጀምረው በደመ ነፍስ ትክክል የሚመስለውን ነገር ቁጭ ብለው ለማስላት ከተነሡ ሰዎች ነው።

አራቱ ወታደሮች

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት፣ አበርዲን በተባለው የጦር መሣሪያ መሞከሪያ ጣቢያ፣ ወታደሮች በሰፈራቸው ካርታ ይጫወቱ ነበር። ከመካከላቸው አንዱ ሮጀር ባልድዊን ነበር፤ በሒሳብ የሁለተኛ ዲግሪ ያለው ወጣት። በአንድ ጨዋታ ላይ በላስ ቬጋስ አከፋፋዩ እስከ 16 መጨመር፣ በ17 መቆም ግዴታው መሆኑ ሲነሣ ባልድዊን አንድ ነገር ታየው። ባላጋራህ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ከታወቀ፣ ለእያንዳንዱ ሁኔታ ከሁሉ የተሻለው መልስ ሊሰላ ይችላል ማለት ነው። በፖከር ሰው ሰውን ያታልላል፤ ፊት ይነበባል። ብላክጃክ ላይ ግን አከፋፋዩ ሐሳብ የለውም፤ ሕግ ብቻ ነው ያለው። ባልድዊን ዊልበርት ካንቲን፣ ኸርበርት ማይዝልንና ጄምስ ማክደርሞትን አስተባበረ። አራቱም የያዙት መሣሪያ በዘመኑ መሥሪያ ቤቶች ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ የነበረው፣ መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛትና ማካፈል ብቻ የሚችለው የሒሳብ መኪና ነበር። ከሥራ በተረፈ ጊዜያቸው አንድ ዓመት ተኩል ያህል አሰሉ።

ሥራቸው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1956 በአሜሪካ የስታቲስቲክስ ማኅበር መጽሔት ላይ ታተመ፤ በዓመቱም ለተራ አንባቢ የሚሆን መጽሐፍ አወጡ። ያገኙት ውጤት ዘመኑ ያምንበት ከነበረው የራቀ ነበር። ስልታቸውን የተከተለ ሰው በአማካይ የሚያጣው፣ በእነሱ ስሌት፣ ከመደበው 100 ዶላር 62 ሳንቲም ብቻ ነበር። አከፋፋዩን በመኮረጅ ከሚጠፋው 5.5 ዶላር ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ስንት እጥፍ እንደሆነ አንባቢ ራሱ ያስላው። በኋላ ኮምፒውተር መጥቶ ሚሊዮን ዙሮችን ማስኬድ ሲቻል የአራቱ ወታደሮች ሠንጠረዥ የተስተካከለው በጥቂት ቦታዎች ላይ ብቻ ነው። ይህ ስለ ካርታ ብቻ የሚናገር አይደለም። ብዙ ሰው ለዘመናት የተጫወተውን ጨዋታ ትክክለኛ መልስ ያገኙት በልምድ የተካኑ ቁማርተኞች አልነበሩም፤ የሒሳብ መኪና ይዘው በትዕግሥት የተቀመጡ አራት ሰዎች ነበሩ።

ስልቱ ምን ይላል?

የስልቱ ልብ አከፋፋዩ በገለጠው ካርታ ላይ ነው። 4፣ 5 ወይም 6 የገለጠ አከፋፋይ ደካማ ነው፤ ከ100 ጊዜ 40 እስከ 43 ጊዜ ገደማ ይቃጠላል። 7 ሲገልጥ ግን መቃጠሉ በአንድ ጊዜ ወደ 26 በመቶ ይወርዳል፤ ከዚያ በላይ ያሉት ካርታዎች ደግሞ ይበልጥ ያጠነክሩታል። ስለዚህ ከ12 እስከ 16 የያዘ ተጫዋች፣ አከፋፋዩ ከ2 እስከ 6 ያለውን ካርታ ሲገልጥ ይቆማል፤ የመቃጠሉን አደጋ ለእሱ ይተውለታል። አከፋፋዩ ከ7 ጀምሮ ያለውን ጠንካራ ካርታ ከገለጠ ግን 17 እስኪሞላ ይጨምራል። አንዱ ልዩ ሁኔታ 12 ነው። 12 ይዞ ሲጨምር የሚያቃጥሉት ባለ 10 ካርታዎች ብቻ ናቸው፤ ከ13 ዓይነት 4ቱ። አከፋፋዩ 2 ወይም 3 ከገለጠ በ12 መቆም ከመጨመር የበለጠ ያስከፍላል። 2 በተገለጠበት ጊዜ የቆመ ሰው ከ100 ዶላር 29 ገደማ ሲያጣ፣ የጨመረው 25 ገደማ ያጣል። አሁንም ሁለቱም ኪሳራ ናቸው፤ የሚመረጠው ትንሹ ነው።

ኪሳራን መቀነስ የስልቱ ግማሽ ነው፤ ሌላው ግማሽ ጥሩ አጋጣሚ ሲመጣ መደብን ማሳደግ ነው። ተጫዋቹ 11 ይዞ አከፋፋዩ 6 ከገለጠ፣ አንድ ካርታ ብቻ ለመቀበል ተስማምቶ መደቡን እጥፍ ማድረግ ይችላል። ሳያጥፍ ቢጨምር ከ100 ዶላር በአማካይ 33 ያተርፋል፤ ቢያጥፍ ትርፉ ወደ 67 ያድጋል። ፈሪ ሰው እዚህ ላይ እጁን ይሰበስባል፤ ቤቱ በዚህ ፍርሃት ይጠቀማል። ሁለት 8 የደረሰው ሰው ደግሞ ድምሩ 16 ነው፤ ከሁሉ የከፋው ቁጥር። ስልቱ ጥንዱን ክፈል ይላል፤ እያንዳንዱን 8 እንደ አዲስ እጅ መጀመሪያ አድርጎ፣ ሌላ እኩል መደብ ጨምሮ መጫወት ማለት ነው። አከፋፋዩ 10 ገልጦ እያለ መደብ መጨመር እብደት ይመስላል፤ ነገር ግን የሚጠበቀው ኪሳራ ከ54 ወደ 48 ገደማ ይወርዳል። ሁለት አስ ሁልጊዜ ይከፈላል፤ ሁለት ባለ 10 ግን 20 ስለሆነ በፍጹም አይነካም። አስና 7 የያዘ ሰው 18 አለኝ ብሎ ይቆማል፤ አከፋፋዩ 9 ወይም 10 ሲገልጥ ግን መጨመር ይሻለዋል፤ አስ 1 መሆን ስለሚችል በአንድ ካርታ አይቃጠልምና።

አከፋፋዩ አስ ሲገልጥ ደግሞ «ኢንሹራንስ» የሚባል ግብዣ ይመጣል። የተደፋው ካርታ ባለ 10 ከሆነ ለ1 ዶላር 2 ዶላር ይከፈላል። ስሙ መከላከያ ይመስላል፤ ቁጥሩ ግን ሌላ ይናገራል። ከ13 ዓይነት ካርታ ባለ 10 የሆኑት 4 ናቸው። በየዙሩ 1 ዶላር ያስያዘ ሰው በ13 አጋጣሚ 4 ጊዜ ሁለት ሁለት ዶላር አግኝቶ 8 ይሰበስባል፣ 9 ጊዜ ደግሞ አንድ አንድ ዶላር ያጣል። በ13 ዶላር 1 ዶላር ይጎድላል፤ ይህም ከ7 በመቶ በላይ ኪሳራ ነው። የወጡትን ካርታዎች እያስታወሰ ለማይቆጥር ተጫዋች ስልቱ የሚሰጠው ትእዛዝ አጭር ነው፤ ኢንሹራንስ አትግዛ፣ ጥሩ እጅ ይዘህም ቢሆን።

ይህን ሁሉ ለመያዝ የሒሳብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ሠንጠረዡ አከፋፋዩ ሊገልጣቸው ለሚችላቸው ካርታዎች አሥር ዓምዶች፣ ተጫዋቹ ሊይዛቸው ለሚችላቸው ድምሮች ደግሞ ረድፎች አሉት። ብዙ ሰው በሙሉ እንደ ውዳሴ ሊሸመድደው ይሞክርና ይሰላቻል። የሚሻለው በሦስት መክፈል ነው። መጀመሪያ አስ የሌለባቸው ድምሮች፣ ቀጥሎ አስ ያለባቸው፣ በመጨረሻ ጥንዶች። አንድ የካርታ ጥቅል ወስዶ፣ ሁለት ለራስ አንድ ለአከፋፋይ እየገለጡ፣ መልሱን ጮክ ብሎ መናገርና ከሠንጠረዡ ጋር ማስተያየት በቂ ልምምድ ነው። ዙሩን እስከ መጨረሻ መጫወት አያስፈልግም፤ እንዲያውም ባይጫወቱት ይመረጣል፤ የዙሩ ውጤት ተማሪውን ያሳስተዋልና። 16 ይዞ ጨምሮ የተቃጠለ ጀማሪ በሚቀጥለው ጊዜ እጁ ይያዛል፤ ካርታው የነገረውን እንጂ ስሌቱ የነገረውን አይሰማም።

ከልምድ ጋር የሚደረግ ሙግት

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከልምድ ይነሣል። «ለዓመታት ተጫውቻለሁ፤ ስሜቴ መቼ መጨመር እንዳለብኝ ይነግረኛል» የሚል ሰው በየጠረጴዛው አለ። ልምድ በብዙ ሙያ ታላቅ መምህር ነው፤ ነገር ግን የሚያስተምረው ምልክቱ ከጫጫታው ሲጎላ ነው። ብላክጃክ ላይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በ10 ዶላር መደብ 100 ዙር የተጫወተ ሰው ስልቱን አጥብቆ ቢከተል የሚጠበቅበት ኪሳራ 5 ዶላር ብቻ ነው። በዕድል ምክንያት ግን ውጤቱ በ115 ዶላር ገደማ ወዲህም ወዲያም መዋዠቁ የተለመደ ነው። 5 ዶላሯ በ115 ዶላር ማዕበል ውስጥ አትታይም። አጥብቆ የተከተለውም፣ በስሜቱ የተጫወተውም፣ በዚያ ምሽት አትርፈው ሊወጡ ይችላሉ፤ ሁለቱም ራሳቸውን ጎበዝ ሊሉ ይችላሉ። ልዩነቱ የሚገለጠው ከሺዎች ዙሮች በኋላ ነው። በ10,000 ዙር ስልቱን የተከተለው በአማካይ 50 መደብ ሲያጣ፣ 2 በመቶ የሚያስከስር ስህተት የሚሠራው 200 መደብ ያጣል። የሰው ትዝታ ደግሞ እንዲህ ያለ መዝገብ አይይዝም፤ የሚያስታውሰው ያቺን የደመቀች ምሽት ነው። ወቅቱን ጠብቆ፣ መሬቱን አለስልሶ የዘራ ገበሬ አዝመራውን በረዶ ቢመታበት አዘራሩ ስህተት ነበር አይባልም፤ የካርታ ውሳኔም የሚመዘነው እንደዚሁ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ በጠረጴዛው መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀምጦ ከአከፋፋዩ በፊት በሚጫወተው ሰው ላይ ይወርዳል። «የማይገባውን ካርታ ወሰደ፤ የአከፋፋዩን ማቃጠያ ነጠቀን» ይባላል፤ በዚህ ምክንያት ጠብ የሚነሣበት ጊዜም አለ። ነገር ግን ያልተገለጡት ካርታዎች ቅደም ተከተል ለማንም አይታወቅም። ያ ሰው የወሰደው ካርታ አከፋፋዩን ሊያቃጥል የሚችለውን ያህል ሊያድነውም ይችል ነበር፤ በአማካይ ሲታይ የጎረቤት ስህተት የሚጎዳው ጎረቤቱን ራሱን ብቻ ነው። የተጎዳንበት ጊዜ ያናድደንና ይታወሰናል፤ የጠቀመን ጊዜ ግን ሳናስተውለው ያልፋል። ሰው ለኪሳራው ተጠያቂ ሲፈልግ ቅርብ ያለውን ይይዛል፤ ስሌቱ ግን ማንንም አያስከስስም።

«ካላተረፍኩበት ለምን እማራለሁ?»

ከሁሉ የጠነከረው ተቃውሞ ይህ ነው። ስልቱን ጠንቅቆ የያዘ ሰው እንኳ በተለመደው ሕግ ግማሽ በመቶ ገደማ ይከስራል። ካዚኖዎቹም ይህን ያውቃሉ። የላስ ቬጋስ የስጦታ ዕቃ መደብሮች ሠንጠረዡን በኪስ ካርድ አትመው ይሸጣሉ፤ ብዙ ካዚኖዎችም ተጫዋቹ ጠረጴዛ ላይ ይዞት ቢያይ አይቃወሙም። ቤቱን የሚያሸንፍ መሣሪያ ቢሆን ኖሮ እንዲህ በነጻነት ባልተሸጠ ነበር። ታዲያ ጥቅሙ ምንድን ነው? በሰዓት 70 ዙር በ10 ዶላር መደብ የሚጫወት ሰው እንውሰድ፤ 700 ዶላር ይመድባል። በመሠረታዊ ስልት በአማካይ የሚያጣው 3 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነው። ስህተቱ 2 በመቶ የሚያስከስረው ሰው 14 ዶላር ያጣል። አከፋፋዩን የሚኮርጀው ደግሞ 38 ዶላር ያህል ያጣል። ስልቱ የሚሰጠው ድል አይደለም፤ የዋጋ ዝርዝር ነው። ተጫዋቹ ወንበሩ ላይ ከመቀመጡ በፊት ያ ሰዓት ስንት እንደሚያስከፍለው ያውቃል። ዋጋውን አውቆ የሚገዛም ሆነ የማይገዛ ሰው ሳያውቅ ከሚከፍለው ይሻላል።

ይህ እውቀት የሕግ ለውጥ ሲመጣም ዓይን ይከፍታል። በቅርብ ዓመታት በላስ ቬጋስ ብዙ ጠረጴዛዎች ላይ ብላክጃክ ለያዘ ሰው በ10 ዶላር 15 ሳይሆን 12 ዶላር ብቻ ይከፈላል። «6 ለ5» የሚል ጽሑፍ ጨርቁ ላይ ተጽፎ ይታያል፤ ለማያውቅ ሰው ከ«3 ለ2» የበለጠ ይመስላል። ብላክጃክ የሚመጣው ከ21 ዙር አንድ ጊዜ ገደማ ስለሆነ የጎደለችው 3 ዶላር ትንሽ ትመስላለች። ስትሰላ ግን በቤቱ ጥቅም ላይ 1.4 በመቶ ያህል ትጨምራለች፤ ግማሽ በመቶ የነበረው ኪሳራ ወደ 2 በመቶ ይጠጋል። እንግዲህ ሠንጠረዡን ለመሸምደድ የተደከመው ድካም ሁሉ በአንድ መስመር ጽሑፍ ሊጠፋ ይችላል። መሠረታዊ ስልትን የተማረ ሰው የመጀመሪያው ውሳኔው የትኛው ጠረጴዛ ላይ አልቀመጥም የሚለው መሆኑን የሚረዳው እዚህ ላይ ነው።

ካርታ በመቁጠር ቤቱን ማሸነፍ ይቻል የለም ወይ የሚል ሰው መነሣቱ አይቀርም። ኤድዋርድ ቶርፕ የተባለው የሒሳብ ሊቅ የአራቱን ወታደሮች ጽሑፍ እንዳወቀ እ.ኤ.አ. በ1958 መጨረሻ በላስ ቬጋስ ስልታቸውን ሞክሮ ከ10 ዶላሩ 8 ዶላር ከ50 ሳንቲም ተበላ። ሌላ ሰው ቢሆን ስልቱን ይጥለው ነበር፤ እሱ ግን ከአንድ ምሽት ውጤት ይልቅ ስሌቱን አመነ። ካርታዎቹ እየወጡ ሲሄዱ የቀረው ክምር እንደሚለወጥ አስተውሎ፣ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም አይ ቢ ኤም 704 ኮምፒውተር ላይ አሰላው፤ እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተመው መጽሐፍም ትላልቅ ካርታዎች በክምሩ ሲበዙ ጥቅሙ ወደ ተጫዋቹ እንደሚዞር አሳየ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1964 የላስ ቬጋስ ካዚኖዎች ደንግጠው መደብ ማጠፍንና አስ መክፈልን የሚገድብ ሕግ አወጡ፤ ደንበኛ ሲሸሻቸው በሳምንታት ውስጥ መለሱት። ነገር ግን ያ በር ዛሬ ጠብቧል። ካርታዎቹ በብዛት ይቀላቀላሉ፤ ያለማቋረጥ የሚበውዙ ማሽኖች ቆጠራውን ትርጉም ያሳጡታል። በአእምሮ መቁጠር ወንጀል ባይሆንም በኔቫዳ ካዚኖዎች ቆጣሪውን ማስወጣት ይችላሉ። በኒው ጀርሲ የከፍተኛው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1982 በካርታ ቆጣሪው ኬን ኡስተን ጉዳይ ካዚኖዎች በራሳቸው ሥልጣን ቆጣሪን ማባረር እንደማይችሉ ቢፈርድም፣ ቤቶቹ ሕጋቸውን በማጥበቅ መልሰዋል። ቆጠራ ትልቅ ካፒታል፣ የረጅም ጊዜ ጽናትና የማያቋርጥ ትኩረት የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ለመዝናናት የተቀመጠ ሰው ተስፋ ሊያደርግበት አይገባም።

ቁማርን ማስተማር ነው ወይ?

የመጨረሻው ተቃውሞ የሥነ ምግባር ነው፤ በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ደግሞ ክብደት አለው። ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ቁማርን ይከለክላሉ፤ ቁማር ያፈረሰውን ትዳርና የበላውን ደመወዝ የማያውቅ ሠፈር የለም። ላስ ቬጋስ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ከተማ ናት፤ በታክሲ፣ በሆቴልና በካዚኖ ሥራ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ወገኖቻችን አሉ። ከሥራ ወጥቶ ቤት እስኪገባ በየእርምጃው የቁማር መብራት የሚጠራው ሰው አደጋ ላይ መሆኑ እውነት ነው። ይህን ተቃውሞ አቅልሎ ማለፍ አይገባም። መልሱ ግን ስሌቱን መደበቅ አይደለም። ቁማር ሰውን የሚይዘው «ዛሬ ይመለስልኛል» በሚል ተስፋ ነው፤ መሠረታዊ ስልት ደግሞ በዚህ ተስፋ ላይ የተነገረ ግልጽ ፍርድ ነው። ከሁሉ የተሻለው አጨዋወት እንኳ በአማካይ ያስከስራል፤ ያለፈው ኪሳራ የሚቀጥለውን ካርታ አይለውጥም። ይህን በገዛ እጁ ያሰላ ወጣት ከተግሣጽ ብቻ ይልቅ ጠንካራ ምክንያት ይዞ ይመለሳል።

«ዋጋው ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ ከካዚኖ ውጭም ይሠራል። በከተሞቻችን በተስፋፋው የስፖርት ውርርድ እኩል ዕድል ላላቸው ሁለት ውጤቶች ለእያንዳንዱ 1.90 ቢሰጥ እንበል። በሁለቱም ላይ መቶ መቶ ብር ያስያዘ ሰው 200 ብር ከፍሎ 190 ይመለስለታል፤ የቤቱ ድርሻ 5 በመቶ ነው። እንዲህ ያሉ አራት ጨዋታዎችን በአንድ ትኬት ላይ ያያያዘ ሰው ደግሞ ከ100 ብር በአማካይ የሚመለስለት 81 ብር ገደማ ብቻ ነው። ትኬቱ ላይ የተጻፈው ትልቅ የሽልማት ቁጥር ይህን አይናገርም። ዋጋ ማስላት የለመደ ዓይን ግን ወዲያው ያየዋል።

ስለዚህ ፍርዱ ይህ ነው። የብላክጃክን መሠረታዊ ስልት መማር ለማንም ገቢ አይሆንም፤ ገቢ ይሆናል የሚል ሰው እያታለለ ነው። ለሚጫወት ሰው ኪሳራውን ወደ ትንሹ ያወርድለታል፤ ለማይጫወት ሰው ደግሞ ለምን እንደማይጫወት በቁጥር ያስረዳዋል። ለሁለቱም የሚተወው ቁም ነገር አንድ ነው፦ ውሳኔህን በመጣው ካርታ ሳይሆን በወሰንክበት ጊዜ በነበረው ምክንያት መዝነው። አንባቢ ሆይ፣ ሠንጠረዡን ለመማር ከፈለጉ ቤትዎ ጠረጴዛ ላይ፣ ያለ ገንዘብ፣ በካርታ ጥቅል ይማሩት። ካዚኖ ውስጥ ከተቀመጡ ደግሞ ቢጠፋ ኑሮዎን ከማይነካው በላይ አይመድቡ፤ የጠፋውን ለማስመለስ ብለውም አንድ ዙር እንኳ አይጨምሩ።